በክልል ከተሞች የቤት ብድር ደላላ ሲመረጥ

በአገራችን የክልል ከተሞች የመኖሪያ ቤት ባለቤት የመሆን ጉዳይ የመንግሥት ሠራተኛው ቀዳሚ ጥያቄ ከሆነ ውሎ አድሯል። በደብረ ብርሃንም ይሁን በሆሳዕና፣ በነቀምቴም ይሁን በአሶሳ፣ ከሥራ መልስ በሻይ ቤት የሚነሳው ወግ ዞሮ ዞሮ ወደ ቦታ፣ ወደ ማኅበር፣ ወደ ብድር ያመራል። በዚህ ወግ መካከል ሳይነሳ የማይቀር አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ደላላው ነው። ሻጭንና ገዥን ማገናኘት ጥንትም ሥራው የነበረ ሲሆን በብዙ ቦታ «ብድሩንም እኔ አስጨርስልዎታለሁ» ማለትን ጨምሮበታል። ለዓመታት ከደመወዙ እየቆጠበ የኖረ ሠራተኛ ያጠራቀመውን ጥሪት ይዞ የሚቀርበው በዚህ ሰው ፊት ነው።

እንዲህ ያለውን ደላላ እንዴት መምረጥ ይገባል? ጥያቄው የግለሰብ ጉዳይ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ላየው ግን የማዘጋጃ ቤትን፣ የባንክንና የእያንዳንዱን የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል አሠራር የሚነካ ነው። ምክንያቱም ደላላው ከሚያቀርበው አገልግሎት አብዛኛው መሥሪያ ቤቶች በነጻ ወይም በተወሰነ የአገልግሎት ክፍያ ሊሰጡት የሚገባ መረጃ ነው። የትኛው ባንክ ለምን ዓይነት ቤት ያበድራል? የቤቱ ካርታ ዕዳ አለበት ወይስ የለበትም? ማኅደሩ በየትኛው ጠረጴዛ ላይ ነው? እነዚህን በእጁ የያዘ ሰው ገበያው ቢደራ ሊያስገርም አይገባም።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ ወዲህ የመኖሪያ ቤት ብድር ለረጅም ጊዜ በአንድ የመንግሥት ተቋም፣ በቤቶችና ቁጠባ ባንክ፣ ትከሻ ላይ ያረፈ ነበር። ባንኩ በ1980ዎቹ አጋማሽ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ የሚል ስያሜ ይዞ ቀጠለ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር እንዲዋሐድ ተወሰነ። በመኖሪያ ቤት ብድር ላይ ያተኮረው የመጀመሪያው የግል ባንክ፣ ጎህ ቤቶች ባንክ፣ ሥራ የጀመረው በ2014 ዓ.ም. ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ መርሐ ግብርም በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ክልል ከተሞች ተሻግሮ የነበረ ቢሆንም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትኩረቱ ተመልሶ በአዲስ አበባ ላይ ሆኗል።

በመሆኑም በአንድ መካከለኛ ከተማ የሚኖር የጤና ባለሙያ ወይም የግብርና ኤክስፐርት ለቤት ብድር የሚሄድበት ልዩ ባንክ በአቅራቢያው አያገኝም። ያሉት የባንክ ቅርንጫፎች በዋናነት ቁጠባ የሚያሰባስቡ ናቸው፤ የረጅም ጊዜ ብድር የመወሰን ሥልጣን ብዙውን ጊዜ በእጃቸው አይደለም። ማመልከቻው ከቅርንጫፍ ወደ ዲስትሪክት፣ አንዳንዴም ወደ ዋና መሥሪያ ቤት ይጓዛል። በዚህ ላይ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ ጥሎ ነበር። ጣሪያው በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ወደ 18 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። እርምጃው ከማክሮ ኢኮኖሚ አኳያ የራሱ ምክንያት ያለው ነው። ባንኩ የሚያበድረው ገንዘብ ሲወሰን ግን ረጅም ዓመት የሚፈጀውና ትርፉ አነስተኛ የሆነው የደመወዝተኛ የቤት ብድር ወደ ወረፋው መጨረሻ መገፋቱ አይቀርም። ወረፋ ባለበት ደግሞ ወረፋ አሻሻጭ ይፈጠራል።

ደላላው «እስከ አንድ ሚሊዮን ብር አስፈቅድልዎታለሁ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ለምሳሌ ያህል፣ የየትኛውንም ባንክ ተመን ሳንጠቅስ፣ አንድ ሚሊዮን ብር በ15 ዓመት የሚከፈልና 15 በመቶ ዓመታዊ ወለድ የሚታሰብበት ብድር እንውሰድ። ወርኃዊ ክፍያው 14 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል። ተበዳሪው በ15 ዓመት ውስጥ የሚከፍለው ጠቅላላ ገንዘብ ከ2 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ጥቂት ያልፋል። ወለዱ ወደ 18 በመቶ ቢያድግ ወርኃዊው ክፍያ ከ16 ሺህ ብር በላይ ይደርሳል፤ በመላው የብድር ዘመን የሚታየው ልዩነት ደግሞ ወደ 380 ሺህ ብር ይጠጋል። በብዙ ከተሞች በተለምዶ ደላላ ከሚሸጠው ቤት ዋጋ ላይ ሁለት በመቶ ይጠይቃል፤ ይህም ከአንድ ሚሊዮን ብር 20 ሺህ ብር መሆኑ ነው። ገዥው በዚህ በ20 ሺህ ብር ላይ ቀኑን ሙሉ ሲከራከር ይውልና 380 ሺህ ብር የሚያወጣውን የወለድ ጥያቄ ሳያነሳ ይፈርማል።

አሁን ደመወዙን እንመልከት። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ እንዲሆን በተወሰነው የደመወዝ ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ 11 ሺህ 500 ብር ሆኗል። ወርኃዊ የብድር ክፍያ ከደመወዝ አንድ ሦስተኛ አይለፍ ብንል (የሲቪል ሰርቪስ ሕጎች በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለሚደረግ ተቀናሽ ሲያስቀምጡት የኖሩትም ወሰን ይኸው ነው) ለብድር የሚተርፈው 3 ሺህ 833 ብር ነው፤ ያውም ግብርና የጡረታ መዋጮ ሳይታሰብ። ይህ ክፍያ ከላይ በጠቀስነው የ15 በመቶ ወለድ የሚሸከመው ብድር 274 ሺህ ብር ያህል ብቻ ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም በዚህ ደመወዝ ቢሠሩ እንኳ 548 ሺህ ብር ገደማ ይደርሳሉ። ስለዚህ ለአንድ ጀማሪ ባለሙያ አንድ ሚሊዮን ብር አስፈቅዳለሁ የሚል ሰው ከሁለት አንዱን እያሰበ ነው፤ ወይ ደመወዙን በወረቀት ላይ ሊያሳድገው ነው፣ ወይ ገንዘቡ የሚመጣው ከባንክ አይደለም።

የመጀመሪያውን እናንሳ። የደመወዝ መግለጫና የዋስትና ደብዳቤ ሠራተኛው ከሚሠራበት ተቋም በማኅተም ወጪ የሚሆን ሰነድ ነው። ደብዳቤው ላይ የሰፈረው ቁጥር ከደመወዝ መክፈያ ሰነዱ ጋር ላይገናኝ ይችላል፤ አበልና የውሎ ክፍያ እንደ ቋሚ ደመወዝ ተደምረው፣ አለዚያም በብዙ ዓመት የሚገኝ የደረጃ ዕድገት አሁን እንደተሰጠ ተደርጎ ሊጻፍ ይችላል። ደላላው «ይህ የሁሉም ሰው አሠራር ነው» ይላል። ብድሩ በሚበላሽበት ቀን ግን ከባንኩ ፋይል ውስጥ የሚወጣው የደላላው ስም አይሆንም። የሚገኘው የተበዳሪው ፊርማና ደብዳቤውን የፈረመው የሥራ ኃላፊ ስም ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ጽሑፉን ለሚያነብ የሥራ ኃላፊ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ሊያሳስበው የሚገባ ነጥብ ይህ ነው። የሐሰት ሰነድ ማዘጋጀትና በሐሰት ሰነድ መገልገል በወንጀል የሚያስጠይቅ ሲሆን፣ «ለባልደረባዬ ልተባበረው ብዬ ነው» የሚለው ምክንያት ከተጠያቂነት አያድንም።

ሁለተኛው መንገድ የባሰ ነው። ብድሩ በባንክ በኩል ሳይሳካ ሲቀር ደላላው «አንድ የማውቀው ሰው አለ» ይላል። ይህ ሰው አራጣ አበዳሪ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2479 በግለሰቦች መካከል በሚደረግ ብድር ተዋዋዮች ሊስማሙበት የሚችሉትን ወለድ በዓመት በ12 በመቶ ወስኖታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 712 አራጣን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። አራጣ አበዳሪው ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ የብድር ውል አይጽፍም። የሚያስፈርመው የሽያጭ ውል ነው፤ ወይም ቤቱን ለመሸጥና ለመለወጥ የሚያስችል ውክልና ይቀበላል። በወረቀት ላይ ተበዳሪ የለም፣ ወለድም የለም፤ ቤቱን የሸጠ ሰውና የገዛ ሰው ብቻ ናቸው ያሉት። የወላጆቹን ቤት አስይዞ የራሱን ሊሠራ የተነሳ ሠራተኛ ሁለቱንም ሊያጣ የሚችለው በዚህ ዓይነት ወረቀት ነው። አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት ሳያስፈልገው ለሚበደር ነበር፤ እዚህ ግን የተቸገረው ሰው የገባበትን ዕዳ ስም እንኳ ሳያውቀው ይቀራል። ገንዘብ ለመበደር ሄዶ የሽያጭ ውል ወይም ውክልና እንዲፈርም የተጠየቀ ሰው ብዕሩን አስቀምጦ መውጣት አለበት። ይህ ነጥብ ድርድር የለውም።

የቤቱ ሰነድ ጉዳይም ሰፊ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ይደነግጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 639 ለባንኮችና ለአነስተኛ የፋይናንስ ተቋማት የሚሰጥን የመያዣ ውል ከዚህ ሥርዓት ነጻ ያደረገ ቢሆንም ሽያጩን ግን አልነካውም። ስለሆነም በደላላው ቤት በሦስት ምስክር ፊት የተፈረመ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ሙሉ ዋጋ መክፈል ጥሪትን ለክርክር አሳልፎ መስጠት ነው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለመስጠት የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል፤ የክልሎች የቤተሰብ ሕጎችም በዚህ ነጥብ እምብዛም አይርቁም። «ሚስቱ ሌላ ከተማ ናት፣ በኋላ ትፈርማለች» የሚል ደላላ በተለይ በትናንሽ ከተሞች ብዙ ነው። በሊዝ የተያዘ ቦታ ከሆነ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ባለይዞታው የሊዝ መብቱን በዋስትና ማስያዝ የሚችለው በከፈለው የሊዝ ክፍያ መጠን መሆኑን ደንግጓል። ቦታው «አራት መቶ ሺህ ያወጣል» ተብሎ የታሰበበት ገዥ ባንኩ በጥቂት አሥር ሺዎች ብቻ ሲቆጥርለት የሚደነግጠው ይህን ቀድሞ የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው።

ሌላም የተለመደ ምክር አለ። ደላላው በውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ከእውነተኛው ዝቅ እንዲል ይመክራል፤ ሻጩና ገዥው ለመንግሥት የሚከፍሉት ቀረጥና ግብር እንዲቀንስ ነው። የመንግሥት ገቢ የሚጎዳ መሆኑ ግልጽ ነው። ገዥው ራሱም ይጎዳል፤ ሽያጩ በፍርድ ቤት ቢፈርስ ይመለስልኝ ብሎ በሰነድ ሊያስረዳ የሚችለው በውሉ ላይ የተጻፈውን ብቻ ነውና። ለባንኩ ሲሆን ደግሞ ይኸው ደላላ ተገላብጦ ግምቱ ከፍ እንዲል «ገማቹን አውቀዋለሁ» ይላል። ያለ አቅም ከፍ ያለ ግምት ያስገኘው ብድር ለተበዳሪው ትርፍ ሳይሆን ትርፍ ዕዳ ነው። ክፍያው ሲቋረጥ አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በመያዣ የያዘውን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ክስ በሐራጅ እንዲሸጥ ሥልጣን ሰጥቶታል። ሠላሳ ቀን ለተጨነቀ ሰው እጅግ አጭር ነው።

እዚህ ላይ የትናንሽ ከተሞችን ልዩ ባሕርይ ማንሳት ተገቢ ይሆናል። በአዲስ አበባ ደላላው ባዕድ ነው፤ በክልል ከተማ ግን የዕድር አባል፣ የሰፈር ልጅ፣ አንዳንዴም የአክስት ልጅ ነው። ይህ ጥቅም አለው። ስሙን የሚጠብቅበት ምክንያት አለው፤ ያታለለው ሰው በለቅሶ ቤት ፊት ለፊት ይቀመጣል። ጉዳቱ ደግሞ የሚከተለው ነው። የደላሎቹ ቁጥር ጥቂት ስለሆነ ለሻጩም፣ ለገዥውም፣ ብድር ለሚያመቻቸውም የሚሠራው አንድ ሰው ሆኖ ይገኛል፤ ከሦስቱም ይከፈለዋል። ብዙውን ጊዜ ገዥው ይህን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። የተበደለ ሰውም ዘመድ መክሰስ ነውር ስለሚሆንበት ቅሬታው በሽማግሌ ተሸፋፍኖ ይቀራል። በከተማው ውስጥ በዓመት የሚሸጡት ቤቶች ጥቂት በመሆናቸው የአንድን ቤት ተገቢ ዋጋ ከሌላ ጋር አነጻጽሮ ማወቅም ይከብዳል፤ ዋጋውን የሚናገረው ደላላው ብቻ ይሆናል።

ታዲያ ከማን ጋር መሥራት ይሻላል? ይህ ጸሐፊ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ምልክት «ይህ ብድር አይወጣልዎትም» ብሎ ያውቃል ወይ የሚለውን ነው። ደመወዝን ጠይቆ፣ ሌላ ዕዳ እንዳለ አጣርቶ፣ «በዚህ ገቢ ይህን ቤት አይሞክሩት፤ አነስ ያለ እንፈልግ ወይም ሁለት ዓመት ይቆጥቡ» የሚል ደላላ የዛሬውን ኮሚሽን ትቶ የነገውን ስም የመረጠ ነው። ቀጥሎ የሚታየው ገንዘቡን መቼ እንደሚጠይቅ ነው። ለድካሙ ውሉ ከጸደቀ በኋላ የሚከፈለውና «ለባንኩ ሰው የሚሰጥ» ብሎ አስቀድሞ የሚቀበለው ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛው የደላላ ዋጋ አይባልም፤ ጉቦ ነው፤ ሰጪውንም በአዋጅ ቁጥር 881/2007 የሙስና ወንጀል ተጠያቂ ያደርገዋል። የንግድ ሥራ ፈቃድ ያለው መሆኑን፣ ክፍያውን በደረሰኝ የሚቀበል መሆኑን መጠየቅም ነውር የለበትም፤ ፈቃድ ያለው ሁሉ ሐቀኛ ነው ማለት ባይሆንም የሚከሰስበት አድራሻ ይኖረዋል።

ከዚህ ሌላ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ደላላውን «ነገ አብረን ማዘጋጃ ቤት ሄደን ማኅደሩን እንይ፤ ከዚያም ሁለት ባንክ ገብተን እንጠይቅ» ማለት ነው። ሐቀኛው ሰዓት ይቀጥራል። ሌላው «እርስዎ አይድከሙ፣ እኔ ጨርሼ አመጣልዎታለሁ» ይላል። በካርታው ላይ ያለው ስም የሻጩ መሆኑን፣ የዕዳና የዕገዳ ማጣሪያ በቅርብ ቀን የተሰጠ መሆኑን፣ የዓመቱ ግብርና የሊዝ ክፍያ መከፈሉን ገዥው በራሱ ዓይን ሊያየው ይገባል። ሻጩ ራሱ ሳይቀርብ ተወካይ ከቀረበ ደግሞ ውክልናው ያልተሻረ መሆኑን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ ግድ ነው። በባንኩ በኩል የሚጠየቀው አጭር ነው። ወለዱ በብድሩ ዘመን ሊለወጥ ይችላል ወይስ አይችልም? ቀድሞ ለሚከፍል ሰው ቅጣት አለ? የግምት፣ የኢንሹራንስና የአገልግሎት ክፍያዎች ስንት ናቸው? ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ተቋማት እንዲህ ያለውን ለደንበኛው ከመፈረሙ በፊት እንዲገልጹ ያስገድዳል። መመሪያው የሚመለከተው የፋይናንስ ተቋማትን ነው፤ በሻይ ቤት የሚቀመጠውን ደላላ አይደርስበትም።

ይህ ክፍተት በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። ብሪታንያ የቤት ብድር አገናኞችን በፋይናንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሥር ያስገባችው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004 ነው። በአሜሪካ የቤት ብድር ገበያው በተናጋበት በ2008 የወጣው ሕግ ብድር አመቻቾች ሁሉ እንዲመዘገቡና ፈቃድ እንዲያወጡ አደረገ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ የአገናኙ ክፍያ በብድሩ ወለድ ልክ እንዳይተሰላ ተከለከለ፤ ምክንያቱም ተበዳሪውን ወደ ውድ ብድር የመራ አገናኝ የበለጠ ይከፈለው ስለነበር ነው። አውስትራሊያ ከጥር 2021 ጀምሮ አገናኙ የተበዳሪውን ጥቅም እንዲያስቀድም በሕግ ግዴታ ጣለችበት። በእነዚህ አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት የገዙት በዚህ ሥርዓት ውስጥ ስለሆነ ለዘመዶቻቸው በስልክ «አንድ ጥሩ ብሮከር ያዝ» ብለው ሲመክሩ፣ በክልል ከተማ ያለው ሰሚ የሚይዘው ፈቃድም፣ ግዴታም፣ ተቆጣጣሪም የሌለበትን ሰው ሊሆን ይችላል። ቃሉ አንድ ቢሆንም የሚጠራው ነገር የተለያየ ነው።

የእኛ የንግድ ሕግ ደላላን ከጥንቱም ያውቀዋል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ደላላን በራሱ ኃላፊነት የሚሠራ፣ ተዋዋዮችን ፈልጎ የሚያገናኝ ነጋዴ አድርጎ ተርጉሞት ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 አዲስ የንግድ ሕግም ወጥቷል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሪል ስቴት ልማትና ግብይትን እንዲሁም የማይንቀሳቀስ ንብረት ግመታን የሚመለከት አዋጅ ማጽደቁም ገበያውን ሥርዓት ለማስያዝ የተወሰደ እርምጃ ነው። ይሁንና ሕጉ ወደ አንድ መካከለኛ ከተማ የአገልግሎት መስጫ መስኮት እስኪደርስ ድረስ ረጅም መንገድ አለው። በዚህ ረገድ የክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች የማስፈጸም አቅም ወሳኝ ነው።

ለዚህ ደግሞ አዲስ አዋጅ የማይጠይቁ ሥራዎች ሞልተዋል። ከተማ አስተዳደሩ ስም ለማዛወርና የዕዳና ዕገዳ ማጣሪያ ለመስጠት የሚጠይቃቸውን ሰነዶች፣ ክፍያውንና የሚፈጀውን ቀን በአንድ ገጽ ጽፎ በበሩ ላይ ቢለጥፍ ደላላው ከሚሸጠው መረጃ ገሚሱ ዋጋ ያጣል። ብዙ መሥሪያ ቤቶች የዜጎች ቻርተር የሚባል ሰሌዳ አላቸው፤ ችግሩ ሰሌዳው በቆመበት ዘመን የተጻፈው እስከ ዛሬ ሳይታደስ መቆየቱ ነው። ባንኮችም ለመንግሥት ሠራተኛ በየደመወዙ ደረጃ ምን ያህል ማበደር እንደሚችሉ በቅርንጫፎቻቸው ቢገልጹ ከላይ የሠራነውን ስሌት እያንዳንዱ መምህር በገዛ እጁ ባልሠራው ነበር። የከተማው ንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ያላቸውን ደላሎች ስም ዝርዝር ለሚጠይቀው ሁሉ መስጠት ይችላል።

ከሁሉም የሚቀለው የደመወዝ መግለጫ ደብዳቤ ጉዳይ ነው። ደብዳቤው ከወጪ መዝገብ ቁጥር ጋር፣ መሠረታዊ ደመወዙ ከአበል ተለይቶ፣ ያለው የዕዳ ተቀናሽም ተጠቅሶ ቢጻፍ ሠራተኛውም ባንኩም የሚተማመኑበት ሰነድ ይሆናል። ባንኩ ደብዳቤው ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ በስልክ ሲጠይቅ ስልኩን የሚያነሳ፣ መዝገቡን ገልጦ «አዎ፣ ቁጥሩ ይህ ነው» ወይም «ይህ ደብዳቤ ከእኛ አልወጣም» ለማለት የተመደበ አንድ ባለሙያ በየመሥሪያ ቤቱ ቢኖር የሚያስፈልገው አንድ ጠረጴዛና አንድ መዝገብ ነው።